የቱልት ሥርና የአንጋጫው ቀጠሮ

በ1965 ዓ.ም. ሃያ ዓመቴ ነበር። ሃያ ይሁን ሃያ አንድ እርግጡን የሚያውቅ የለም፤ እናቴ ዕድሜያችንን የምትቆጥረው ላሞቻችን በወለዱበት ነው፣ እኔም ከእሷ ቁጥር ወጥቼ አላውቅም። የዚያ ዓመት ጥቅምት ቀኝ ክንዴ ላይ ያመጣብኝን ጣጣ ለልጆቼም አላወራሁም ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን የልጅ ልጄ ቤቲ አስወራችኝ።

ሆሳዕና ካለው ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጬ ፀሐይ እሞቃለሁ። ከውጭ የባጃጅ ጩኸት፣ ከጓሮ የሙቀጫ ድምፅ ይመጣል። በርበሬ ወይ ነጭ ሽንኩርት ነው ብዬ ነገሬ አላልኩትም። ቆይቶ ሽታው መጣ። እርጥብ አፈርና መራራ ሥር የተቀላቀለበት ሽታ ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ ቢያልፍም አፍንጫ አይረሳም። ዘንጌን ይዤ ተነሳሁ።

"ምንድን ነው የምትወቅጪው?"

"ቱልት ነው አባባ። ስልክ ላይ አይቼ ነው። ሥሩ ለጭርት ይሆናል ይላሉ።"

ጉንጯ ላይ የሳንቲም ያህል ክብ ጭርት ከወጣባት ሁለት ሳምንት ሆኗታል። ኮሌጅ ስትሄድ ሻርፕ ጥላበት ነው የምትወጣው። ከጎኗ ፌስታል ቆርጣ አስቀምጣለች። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት "ቀብቼው በላዩ አስሬበት አድራለሁ" አለችኝ። ሙቀጫውን አንስቼ አጥር ሥር ደፋሁት።

"አባባ! ምን ነካዎት? ጠዋቱን ሙሉ እኮ ነው የወቀጥኩት!"

"ቁጭ በይ" አልኳት። "ቱልቱን ጠልቼው አይደለም። እኔ የሠራሁትን እንዳትሠሪ ነው።"

ቱልትን የማያውቅ የጓሮ ባለቤት የለም። ቅጠሉ ሰፊ ነው፤ ፍሬው ልብስ ላይ ተጣብቆ ቤት ድረስ ይከተላል። ከብት አይበላውም። ሥሩ ቢጫ ሆኖ ወደ ታች ይጠልቃል፤ ስትነቅለው ከመሐል ይበጠስና በሳምንቱ ያው ተመልሶ ይበቅላል። ልጆች ሆነን ሳማ ሲለበልበን ቅጠሉን አሽተን እንቀባው ነበር። ከዚያ በቀር ለእኛ ጠላት ነው። ቤታችን ከሆሳዕና ወደ አንጋጫ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር፤ አባቴ ከእንሰቱ ሥር ቱልት ሲያስነቅለኝ ነው ያደግሁት። ጀርባዬ ከሠራው ሥራ እኩሌታው ቱልት ነው ብል አላጋነንኩም።

በዚያ ዓመት አንዲት ልጅ ለማጨት አስቤ ነበር። አማረች ትባላለች፤ የአንጋጫ ልጅ ናት። ከእናቷ ጋር በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዛ ሆሳዕና ገበያ ስትመጣ ነው ያየኋት። ቅቤውን ሳልገዛ ሦስት ቅዳሜ ዋጋ ጠየቅኋት። በአራተኛው "አንተ ሰውዬ፣ ወይ ግዛ ወይ ጥላ ሥር ቁም፣ ቅቤዬን አቀለጥከው" አለችኝ። ሽማግሌ የላክሁት በዚያው ሳምንት ነው። አባቷ አቶ ሄራሞ እሺ ሊሉ ተቃርበው ሳለ ክንዴ ላይ ጭርት ወጣ።

መጀመሪያ ጣት የማያህል ነበር። ዝናቡ ሲወጣ ሰፋ፤ ዙሪያው ቀላ፣ መሐሉ እንደ አመድ ነጣ። አንድ ቀን ገበያ ላይ የአማረች ወንድም ሰላም ሲለኝ እጅጌዬ ተሰበሰበና አየው። እጁን ከእጄ ላይ ቀስ ብሎ ወሰደ። በሳምንቱ ግን አንጋጫ ላይ የሚወራው ጭርት አልነበረም። ሥጋ ደዌ ነበር።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ የዛሬ ልጅ አይገባውም። ሥጋ ደዌ አለበት ለተባለ ቤት ልጅ አይሰጥም፤ ከዚያ ቤትም ልጅ አይወሰድም። ከእኔ በታች ሁለት እህቶች ነበሩኝ። አማረችን ብቻ አይደለም የማጣው፣ እነሱም ሳያገቡ ቆመው መቅረታቸው ነው። አቶ ሄራሞ በሽማግሌዎቻችን በኩል መልእክት ላኩ፦ "በሦስት ሳምንት ውስጥ ልጁ ራሱ ይምጣ። ክንዱን በዓይኔ አያለሁ። ንጹሕ ከሆነ እንነጋገራለን። ካልመጣም መልሱ ገብቶናል።"

ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ቁስል የሚያክመው ድሬሰር አየና "ጭርት ነው፣ ሥጋ ደዌ አይደለም" ብሎ በትንሽ ቆርቆሮ ቅባት ሰጠኝ፤ ወረቀትም ጻፈልኝ። ወረቀቱን ላክሁላቸው። የአማረች ወንድም "ወረቀት ቆዳ አይደለም" ብሎ መለሰው። ቅባቱም ቶሎ አለቀ፣ ጭርቱ ግን እዚያው ነው።

ከእኛ አጥር ቀጥሎ እማማ ሩቂያ ነበሩ። እስላም ናቸው፣ ባላቸው ፍየል ነጋዴ ነበር። የቆዳ መድኃኒት ከእናታቸው የወረሱ ናቸው ይባላል። በቀንድ ያስቀምጡታል፤ ምን እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም። አባቴ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። በቤታችን ቋንቋ አባትን "አና" ነው የምንለው።

"አና፣ እማማ ሩቂያ ጋ ልሂድ" አልኩት።

"ምን ሊቀቡህ?"

"እንጃ። አይናገሩም።"

"እግዚአብሔር የፈጠረው ቅጠል ከሆነ ለምን ይደብቁታል? ስሙን የማታውቀውን ነገር አትቀባም። በቃ።"

እማማ ሩቂያ ጋ ሄጄ ደግሞ ስሙን ጠየቅኋቸው። ሳቁብኝ። "ስሙ ከአፍ ከወጣ ጉልበቱ አብሮ ይወጣል። ክንድህን ስጠኝ፣ ዓይንህን ወዲያ አዙር፤ ለሃያ ቀን አትጠይቀኝ። ካልሆነ ደህና ዋል።"

በሁለቱ መሐል ቆምኩ። አባቴ ስም ካልታወቀ አይሆንም፣ እሳቸው ስም ከተጠየቀ አይሆንም። እኔ ደግሞ ስወለድም እንቢ ብዬ ነው የወጣሁት ትላለች እናቴ። ራሴ አውቀዋለሁ አልኩ።

መድኃኒት የሚነቀለው ጎህ ሲቀድ፣ ከማንም ጋር ቃል ሳይለዋወጡ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። እማማ ሩቂያም መንገድ ላይ ሰው ሰላም ካላቸው ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ሦስት ጠዋት አጥር ሥር ተደብቄ ጠበቅሁ፤ ጤዛው ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ አራሰው። በሦስተኛው እማማ ሩቂያ በትንሽ መቆፈሪያ ወጡ። ወደ ጫካ ይሄዳሉ ስል ወደ እኛ አጥር መጡ። በቀዳዳው እጃቸውን አስገቡና ከእኛው እንሰት ሥር ቆፈሩ። ያወጡት ቢጫ ሥር ነው። ቱልት!

ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል አፌን በእጄ ያዝኩ። ከዚያ ተናደድኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ስነቅል የኖርኩትን አረም ነው በቀንድ ከተው የደበቁኝ! ከእንግዲህ ምን ያስለምነኛል አልኩ። ያን ዕለት የክንዴን ያህል ሥር ቆፍሬ አወጣሁ። እርጥቡን ወቀጥኩት፤ ከእናቴ ቅቤ ቆንጥሬ ለወስኩ። ጭርቱን ቶሎ እንዲገባው ብዬ በሻካራ ድንጋይ እስኪደማ ፈተግሁት። ቀባሁ። ከዚያ እንዳይረግፍ ከእንሰቱ ግንድ አንድ እርጥብ ልጣጭ ገፍፌ፣ ውሃው እየተንጠባጠበ፣ በላዩ ጥምጥም አድርጌ አሰርኩት። ሲያቃጥለኝ እየሠራ ነው አልኩ። በጣም ሲያቃጥለኝ በጣም እየሠራ ነው አልኩ። ሳልፈታው ሁለት ቀን ቆየሁ።

በሦስተኛው ቀን ስፈታው ክንዴ የእኔ አልመሰለኝም። ከእጄ አንጓ እስከ ክርኔ አብጧል፣ ውሃ ቋጥሯል፤ ቆዳው ከልጣጩ ጋር ተነሳ። ለአንጋጫው ቀጠሮ የቀረኝ ስምንት ቀን ነው።

እማማ ሩቂያ ደጅ ሄጄ ቆምኩ። ክንዴን በጋቢ ሸፍኜዋለሁ። እሳቸው ፍየል እያለቡ ነበር፤ ቀና ሳይሉ "ቱልት ነው የሸተተኝ" አሉ።

"አዎ፣ እማማ።"

"አጮልቀህ አየኸኝ?"

"አየሁ።"

"ሥሩን አየህ። እጄን አላየህም። አምጣው እስቲ።"

ሲያዩት ፊታቸው ተለወጠ። ክንዴን ወደ ብርሃን አገላበጡት። "ይህ ቱልት የሠራው አይደለም። በምንድን ነው ያሰርከው?"

"በእንሰት ልጣጭ።"

"በእርጥቡ?"

"በእርጥቡ።"

የወተቱን እቃ አስቀምጠው እስኪያነቡ ሳቁ። "ያ አላህ! አንተ ልጅ፣ እንሰት ፍቀህ ታውቃለህ?"

የት ልፋቅ? እንሰት መፋቅ የሴት ሥራ ነው። ወንድ ይተክላል፣ ይኮተኩታል፣ የተሠራውን ቆጮ ቀርቦለት ይበላል፤ ሴቶቹ ወደሚፍቁበት ቦታ ግን ድርሽ አይልም፣ ነውር ነው። የእርጥብ እንሰት ውሃ ቆዳ እንደሚያሳክክና እንደሚያቃጥል እናቴ ታውቃለች፣ እህቶቼ ያውቃሉ። ስድስት ዓመት የሆናት ልጅ ታውቃለች። በእንሰት መሐል ተወልጄ፣ እንሰት በልቼ አድጌ፣ ያላወቅሁት እኔ ነኝ። ያልጠየቅሁትም እኔ ነኝ።

እማማ ሩቂያ አፍልተው ባቀዘቀዙት ውሃ አጠቡኝ። ምንም አልቀቡኝም። "ቁስሉ ሳይጠግ ምንም አይነካውም። ለቀጠሮህ አይደርስም፤ አትልፋ።"

"ከቀረሁ ደግሞ አመነ ነው የሚሉኝ።"

"ያቃጥልሃል?"

"እሳት ነው።"

"ከማቃጠልህ በፊትስ? ያሳክክህ ነበር?"

"ቀን ከሌት።"

"እንግዲያ ምን ያስፈራሃል? ሥጋ ደዌ ቆዳውን ያደነዝዘዋል። በእሳት ቢነኩት አያውቅም፤ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ያንተ እኮ ዝንብ ስታርፍበት ትዘላለህ።"

ከዚያ ደጅ ስመለስ ሐሳቤን ጨርሼ ነበር።

የቀጠሮው ቀን ጎህ ሳይቀድ ከአባቴ ጋር ተነሳን። ዘመዶቻችን "ታሟል ብላችሁ ላኩ" ብለውን ነበር፤ አባቴ "ታሟል ካልንማ እነሱ የሚሉትን አልን" አላቸው። መንገዱ ገና ጭቃ አልለቀቀም። ገብሱ ግራና ቀኝ እሸት ይዟል፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን እየቆረጥኩ እያሸሁ በበላሁ። ያን ቀን ሳልቆም አለፍኩት። አንጋጫ ስንደርስ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች።

አቶ ሄራሞ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቶሎ የማይስቁ ሰው ነበሩ። ሰላም ያሉን ከሩቅ ነው።

"እጅጌህን ሰብስብ።"

ሰበሰብኩ። ጥሬ ሥጋ የመሰለ ክንድ ወጣ። አንዱ ሽማግሌ በርጩማውን ወደ ኋላ ሳበ።

"ሦስት ሳምንት ሰጠሁህ፤ የባሰ ይዘህ መጣህ" አሉ አቶ ሄራሞ።

"አዎ።"

"ታዲያ ምን ልታሳየኝ ነው የመጣኸው?"

"እንዲወጉኝ ነው።"

ለአባቴም ይህን አልነገርኩትም ነበር፤ ዞሮ አየኝ። "ሥጋ ደዌ የያዘው ቆዳ አይሰማም" አልኩ። "ዓይኔን እጨፍናለሁ። የሚፈልጉት ቦታ ይውጉኝ። የት እንደወጉኝ ካልነገርኩ እኔም ልሂድ፣ ልጅዎንም አልጠይቅ።"

አቶ ሄራሞ ወደ ቤት ዞረው "ወስፌ አምጡ" አሉ። የእጅ ሥራ የሚሠሩበትን ወስፌ አመጡላቸው። ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ከቁስሉ መሐል" አልኩ። እውነት ነበር።

"ከአንጓዬ በላይ፣ ከዳር።" እሱም እውነት ነበር።

ቆዩ። ትንፋሻቸው ይሰማኛል። "አሁንስ?"

"አሁን አልወጉኝም።"

ይህን ብዬ ሳልጨርስ ሸቀሸቁኝ። "ኧረ በእግዚአብሔር! አጥንቴን ነው እኮ!" ብዬ ከተቀመጥኩበት ዘለልኩ። ከቤት ውስጥ የሴት ልጅ ሳቅ ተሰማ፤ ወዲያው አፏን የያዘች መሰለኝ።

ሽማግሌው በርጩማውን ወደ ቦታው መለሰ። አቶ ሄራሞ ወስፌውን ጉልበታቸው ላይ ጠረጉ። "እንግዲህ ሥጋ ደዌ አይደለም። ምን ሆነህ ነው ታዲያ እንዲህ የተላጥከው?"

መዋሸት እችል ነበር፤ እሳት ነው ብል ያምኑኛል። ግን እውነቱን ነገርኳቸው፣ ማጮለቄንም ሳልደብቅ። እንሰቱ ጋ ስደርስ የአማረች እናት ከጓዳ "በእርጥቡ አሰረው! ምን ዓይነት ወንድ ነው!" ብለው ጮኹ።

አቶ ሄራሞ አባቴን ተመለከቱ። "ሥጋ ደዌውስ ቀረ። ሞኝነት ግን ለልጅ ልጅ ይተላለፋል ይባላል።"

"በእኛ ቤት እሱ የመጀመሪያው ነው" አለ አባቴ።

ቡላ በቅቤ ቀረበ። አቶ ሄራሞ ከእኔ ጋር ከአንድ ሳህን በሉ፤ ይህን ሽማግሌዎቹ እንዲያዩት ቀስ ብለው ነው የበሉት። የእህቶቼ ነገር እዚያ ሳህን ላይ አለቀ። የእኔ ግን አላለቀም። ሲሸኙን "የምፈራው ቆዳህን ነበር፣ አሁን የምፈራው ራስህን ነው" አሉኝ። "ሰው የማይጠይቅ ሰው ከልጄ ጋር ምን ሊኖር ነው? አስቤበት መልስ እልካለሁ።"

መንገድ ላይ አባቴ "ቱልት ነው እንግዲህ" አለ። "ስሙ ከታወቀ ተቀባ። ቱልት መቀባት ኃጢአት አይደለም። የሰው ጓዳ ማጮለቅ ግን ኃጢአት ነው።"

እማማ ሩቂያ ቁስሉ እስኪጠግ አስጠበቁኝ። ከዚያ ዓይኔን ሳያስዞሩ እጃቸውን አሳዩኝ፦ ሥሩ ታጥቦ፣ ጥላ ላይ ደርቆ፣ እንደ ዱቄት ደቆ፣ ከለጋ ቅቤ ጋር በስሱ። ቀን ቀን ብቻ፣ ማታ ታጥቦ። ፈተጋ የለም፣ ማሰር የለም። በጎን ድሬሰሩም ሌላ ቅባት ሰጥቶኝ ነበር። ለጥር ጭርቱ ጠፋ። የትኛው እንዳዳነኝ አላውቅም፤ አውቃለሁ የሚላችሁ ካለ አትመኑት።

እሳቸው በሕይወት እያሉ ለሰው እንዳልናገር አስምለውኝ ነበር፤ አልተናገርኩም። አሁን አፈር ከሆኑ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ልጆቻቸውም ያንን ቀንድ የት እንደጣሉት አያውቁም። ስም ከአፍ ሲወጣ ጉልበት ይወጣል የሚለውን አላምንም። የሚያቃጥለው ግማሹን አውቆ መሮጥ ነው። እኔ በአጥር ቀዳዳ ግማሹን አየሁ፣ ቤቲ በስልኳ ግማሹን አየች። ፌስታሉ ከእንሰቱ ልጣጭ በምን ይሻላል? መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄዳ ምን እንደሆነ ይንገሯት፤ ለፊት ደግሞ የክንድ መድኃኒት አይሆንም። ይህን አልኳት። አጉረመረመች፣ ግን ሄደች።

አማረች ይህን ሁሉ ስናገር ከጓዳ ስትሰማ ነበር። "ያን ቀን የሳቅሁት እኔ አይደለሁም፣ እህቴ ናት" አለች። ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ነው የምትለው። አምኛት አላውቅም።

ያን ቀን ከአንጋጫ ስንገባ ግን ይህን ማን ያውቃል? ክንዴ ይጠዘጥዛል። መልስ በእጄ የለም፤ ይምጣ አይምጣም አላውቅም። በማግስቱ ጠዋት ዶማ አንስቼ ከአባቴ ቤት በላይ ወዳለችው ቁራሽ መሬት ወጣሁ። ቀኝ እጄ ስለማይጨብጥ በግራዬ ነው የያዝኩት። አባቴ ድምፁን ሰምቶ መጣና ከጉድጓዱ አፋፍ ቆመ።

"መልስ መጣ እንዴ?"

"አልመጣም።"

"ታዲያ ምንድን ነው የምትቆፍረው?"

"የጎጆዬን ምሰሶ ጉድጓድ" አልኩት፣ ዶማውንም መልሼ አነሳሁ።